እጀታው የነበረበት ግድግዳ

እሙሽ የባሏን አሟሟት ለመጣ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጋ ነበር የምትናገረው። ለቀስተኛው ድንኳን ገብቶ፣ አልቅሶ፣ ፊቱን ጠርጎ ከተቀመጠ በኋላ፣ ነገሌም ሆነ ሌላ አገር ወጉ ያው ነውና፣ «እንዴት ሆነ?» ይላል። እሷም ነጠላዋን አገጯ ሥር ሰብሰብ አድርጋ «እንቅልፍ ጥሎኝ ነው» ትላለች። «እሑድ ቀትር ላይ ነበር። ሙቀቱ አደከመኝና አጠገቡ ጋደም እንዳልኩ ይዞኝ ሄደ። ስነቃ አልቋል።» ሌላ ቃል አትጨምርም። አንዱ ሰምቶ ሲነሳ ሌላው ይገባል፤ እሷም እንደገና «እንቅልፍ ጥሎኝ ነው» ብላ ትጀምራለች።

የነገሌ ሰው ቸር ነው፤ አልፈረደባትም። «ያን ሁሉ ጊዜ ሳትተኚ አስታመምሽ፤ አንቺም ሰው ነሽ» አላት። ጎረቤቷ ኦቦ ጃርሶ፣ ያን ቀን ከሁሉ ቀድመው ሮጠው የደረሱት ሽማግሌ፣ በየማለዳው እየመጡ «አካም እሙሽ፣ ናጋ?» ብለው በኦሮምኛ ደኅንነቷን ጠይቀው አጠገቧ ይቀመጣሉ፤ ሲነሱም «ዋቅኒ ጀቤኛ ሲፍ ሃ ኬኑ፣ እግዜር ያጽናሽ» ብለው ይሄዳሉ። ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ምን ነበረበት። ግን እትዬ ዓለሚቱ መጡ።

እትዬ ዓለሚቱ የሟቹ የከተማ ታላቅ እህት ናቸው። መርዶው ደብረ ማርቆስ ዘግይቶ ደርሷቸው፣ አገር አቋርጠው፣ ከራስ እስከ እግራቸው አቧራ ለብሰው የደረሱት ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ነው። ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ፤ በረድ ሲልላቸው ያችኑ ጥያቄ ጠየቁ። እሙሽም ያችኑ መልስ ሰጠች።

«ተኝተሽ?» አሉ እትዬ ዓለሚቱ።

«አዎ እትዬ።»

«ጥይት ያልገደለውን ወንድሜን አንቺ በእንቅልፍሽ ገደልሽው?»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከእሙሽ እጅ ውኃ እንኳ አልቀበልም አሉ። ሣራ ስታቀርብላቸው ይበላሉ፤ እሙሽ ስታቀርብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ጎረቤት ሲመጣ ደግሞ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ «እንቅልፋሟ» እያሉ ያወራሉ። እሙሽ ሳህኗን ይዛ ወደ ጓሮ ትመለሳለች። ሃያ ምናምን ዓመት በክሊኒክ ረዳትነት ስትሠራ አንድም በሽተኛ ከእጇ ወድቆ የማያውቅ ሴት በገዛ ቤቷ እንዲህ ሆነች።

ይህን ሁሉ የምታየው ሣራ ናት፤ የእሙሽና የከተማ አንድያ ልጅ። ሀዋሳ ኤሌክትሪካል ተምራ፣ በየወረዳው እየዞረች የጤና ጣቢያ መሣሪያ ትጠግናለች። እናቷ ስትሰደብ አንጀቷ ይቃጠላል፤ ግን ከስድቡም ይበልጥ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሥቷታል። እናቷ ብትተኛስ? እንድትተኛ አይደለም እንዴ ሣራ ለአባቷ ማሽን መብራት የሚቀይረውን ያን ሳጥን የሠራችው? ሳጥኑ ሥራውን ቢሠራ ኖሮ የሰው መንቃትና መተኛት ምንም አያመጣም ነበር። ስለዚህ ወይ የአባቷ ቀን ደርሶ ነበር፣ ወይ ደግሞ ሳጥኑ ከድቷል። ሁለተኛው ከሆነ እናቷ ነፃ ናት፤ ወንጀለኛዋ ሣራ ራሷ ናት ማለት ነው። ይህን ሳታውቅ መኖር አልቻለችም።

ከተማ ነገሌ የመጣው በጦሩ ውስጥ ሬዲዮ ኦፕሬተር ሆኖ ነው። በሰማንያ ሦስት ጦሩ ተበትኖ ጓዶቹ ወደየአገራቸው ሲሄዱ፣ እሱ እሙሽን አግብቶ ነበርና «አገሬ እሷ ያለችበት ነው» ብሎ ቀረ። ሬዲዮና ቴፕ እየጠገነ ልጁን አስተማረ። ኋላ ሳንባው ደከመ። መጀመሪያ ገበያ ደርሶ መመለስ አቃተው፤ ቀጥሎ ግቢውን ማቋረጥ፤ በመጨረሻም ሸሚዙን መቆለፍ እንኳ ትንፋሹን የሚጨርስ ሥራ ሆነበት። እሙሽ የምትሠራበት ክሊኒክ ከአየር ላይ ኦክስጅን አጣርቶ የሚሰጥ ማሽን አዋሳት። ማሽኑ ግን መብራት ይፈልጋል።

የነገሌ መብራት ደግሞ ነገረኛ ነው። ሲሄድ አይናገርም፤ ሲመጣም ሙሉውን አይመጣም። የቸርች ሰዎች አዋጥተው ባትሪና ኢንቨርተር ገዙላቸው፤ ከተማም ገና እጁ ሳይደክም፣ አልጋው አጠገብ ግድግዳው ላይ ባለ እጀታ ማዞሪያ በአራት ብሎን አሰረ። መብራት ሲጠፋ እጀታውን ወደ ታች፣ ወደ ባትሪው፤ ሲመጣ ወደ ላይ። ባትሪው ብዙ አይቆይምና መመለሱ ግድ ነው። ያን እጀታ የምታዞረው እሙሽ ናት። ከአልጋው አጠገብ በርጩማ አድርጋ ተቀመጠች፤ ተቀምጣ ቀረች። በእንቅልፍ ልቧ እንኳ መብራቱ እልም ሲል እጇ ቀድሟት ግድግዳው ላይ ይደርስ ነበር። ወራት እንዲህ ሲያልፉ ፊቷ ተለወጠ፤ ጉንጯ ጎደጎደ፤ ቆማ ማንቀላፋት ጀመረች። ሣራ «እናቴ ከአባቴ ቀድማ ልትሞት ነው» ብላ የፈራችው ያኔ ነው።

እጀታውን የሚተካ፣ በራሱ የሚቀያይር ቦርድ ልትሠራ ተነሳች። ቦርድ ደግሞ ዝም ብሎ አይበየድም፤ አስቀድሞ ኮምፒውተር ላይ፣ በሲሙሌሽን ሶፍትዌር ይሞከራል። እዚያ ውስጥ ስዊች ዕቃ አይደለም፤ በቁጥር የተጻፈ ጠባይ ነው፤ ሞዴል ይሉታል። ከዚህ ቮልት በላይ ሲሆን መስመሩን ያዝ፣ ከዚህ በታች ሲሆን ልቀቅና ወደ ባትሪ ሂድ፣ ይባላል። ሣራ አንድ መቶ ሰማንያ ቮልት ብላ ሰጠችው። የመስመሩን ድካም፣ ማሽኑ የሚስበውን መብራት ክብደት፣ ሁሉንም እንዳለ ሣለችና አስነሳችው። ሶፍትዌሩ መብራቱ ይመለሳል የተባለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚህ በላይ መራመድ አልቻልኩም የሚል ቀይ ጽሑፍ አወጣ።

ደግማ ሞከረች፤ ቆመ። ሞዴሉን ለወጠች፤ እዚያው ቦታ ቆመ። አባቷ ትራሱን ተደግፎ እያያት «ምነው፣ ኮምፒውተሩም እንደኔ ትንፋሽ አጠረው?» ብሎ ቀለደባት። ሳቁ ሳል ሆነበትና እሙሽ ደረቱን ያዘችለት። ሣራ ቸኮለች። አብሯት የተማረውን ሀምዛን አዲስ አበባ ደወለችለት።

«ስዊች ሞዴል ሁሌ ያስቸግራል» አላት ሀምዛ። «በጣም ስለታም፣ ባንዴ የሚገለበጥ ስለሆነ ነው፤ ሶፍትዌሩ ይጨናነቃል እንጂ ያንቺ ሰርኪዩት ምንም አልሆነም። የመስመሩን ድካም አውጪውና ንጹሕ ሁለት መቶ ሃያ ስጪው። አለ ወይም የለም፣ በቃ። ይሄድልሻል።»

ሄደላት። አረንጓዴው የመብራት መስመር ሲወርድ ቀዩ የባትሪው ይነሳል፤ ቀዩ ሲወርድ አረንጓዴው። እንዴት ደስ እንዳላት! ስክሪኑን አዙራ ለአባቷ አሳየችው፤ እሱም ምን እንደሆነ ሳይገባው አውራ ጣቱን አነሳላት።

ቦርዱን ሠርታ ሳጥን ውስጥ አስገባችው። እሙሽ «ማዞሪያው ግን ይቆይ፣ ምን ቸገረሽ?» ብላት ነበር። ሣራ እምቢ አለች። በአንድ መስመር ላይ ሁለት ማዞሪያ ካለ አንድ ቀን ተሳስተሽ ታቃጥይዋለሽ አለቻት። እጀታውን ነቀለች። የማሽኑንም ስፒና ቆርጣ ሽቦውን በቀጥታ ሳጥኑ ውስጥ በብሎን አሰረችው፤ ማንም እግሩ ጠልፎት እንዳይነቅለው። የአባቷ ልጅ ናት፤ ሥራዋ ንጹሕ ነበር። ግድግዳው ላይ አራት የብሎን ቀዳዳ ብቻ ቀረ። እሙሽ በዚያ ሰሞን ከስንት ጊዜ በኋላ ትራስ ላይ ራሷን አሳርፋ ተኛች። ሣራም እናቷን ተኝታ ስታያት አለቀሰች፤ የደስታ ነበር።

ሞቱ የመጣው እሷ ክብረ መንግሥት ለሥራ በሄደችበት እሑድ ነው። ስልክ ደውለው «አባትሽ ትንሽ ደክሟል፣ ነይ» አሏት። እንዲህ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ማን ያጣዋል? መንገዱን ሙሉ የመኪናውን መስኮት ግጥም አድርጋ ይዛ መጣች።

ከቀብር በኋላ መጀመሪያ የፈለገችው ሳጥኑን ነው። አልነበረም። ክፍሉ ለለቀስተኛ ሲለቀቅ ዕቃው ሁሉ ወጥቷል፤ ማሽኑ ወደ ክሊኒኩ፣ ባትሪው ወደ ቸርቹ ተመልሷል። ሳጥኑን እናቷን ብትጠይቃት «ሰው አውጥቶ ጣለው መሰለኝ፣ በዚያ ግርግር ማን ያስታውሳል» አለቻት። የቀራት ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ሥዕል ብቻ ነው።

እትዬ ዓለሚቱ «እንቅልፋሟ» ባሉ በማግስቱ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሣራ አባቷ ክፍል ገብታ በሯን ዘጋች። ባዶው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ኮምፒውተሩን ጭኗ ላይ ከፈተች። መስመሩ እንደሄደ ነው፤ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ። እንከን አልነበረውም። እናቷ ብትተኛም አባቷ መኖር ነበረበት።

ያኔ ውጭ ልጆች «መጣ!» ብለው ጮኹ።

ነገሌ መብራት ሲመለስ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እንዲህ ይጮኻል። ሣራም በልጅነቷ ከሁሉ አብልጣ ስትጮኽ ኖራለች። «መጣ!» ሲባል ደግሞ የሚሆነውን ታውቃለች፤ አንዱ ስቶቩን፣ አንዱ ካውያውን፣ አንዱ የውኃ ፓምፑን፣ ሁሉም እኩል ይሰካል፤ ወፍጮ ቤቱም ይነሳል። መብራቱም ገና ከመምጣቱ ይጎብጣል፤ አምፖሉ ቀይ ሆኖ ይርገበገባል፤ ቀና ይላል፤ ደግሞ ይጎብጣል። አባቷ ክፍል ውስጥ ያለው አምፖል እዚያው ዓይኗ ሥር እንዲያ ሲያደርግ አየችው። የነገሌ ልጅ ሆና ለአባቷ የሣለችው መብራት ግን የነገሌ አልነበረም። አለ ወይም የለም የሚባል መብራት ነበር። እንዲህ ያለ መብራት በዚህ አገር ማን አይቶ ያውቃል?

ያወጣችውን የመስመር ድካም መለሰች። የጎረቤቱን ስቶቭና የወፍጮ ቤቱን ጉተታ ጨመረች። አስነሳችው። እዚያችው ቦታ፣ መብራቱ ሊመለስ ሲል፣ ቆመ። ያው ቀይ ጽሑፍ።

ሥዕሉን አጉልታ አየችው። መስመር መሆን የነበረበት ጥቁር እድፍ ሆኗል። ቮልቱ አንድ መቶ ሰማንያ ሲሞላ ስዊቹ ይይዛል፤ የማሽኑ ክብደት ሲያርፍበት መስመሩ ይወርዳል፤ ስዊቹ ይለቃል፤ ክብደቱ ሲነሳ መስመሩ ይወጣል፤ ስዊቹ ደግሞ ይይዛል። መያዝና መልቀቅ፣ መያዝና መልቀቅ፣ ማለቂያ በሌለው ፍጥነት። ሶፍትዌሩ መራመድ ያቃተው ለዚህ ነበር። ተጨናንቆ አይደለም። ይህ ነገር አይሆንም እያላት ነበር፤ እሷ ናት አፉን የዘጋችው።

ከመቶ ሰማንያው ሥር አንዲት ሌላ ቁጥር ነበረች፤ በመያዣውና በመልቀቂያው መካከል ያለውን ልዩነት የምትወስን። ዜሮ ብላ ነበር የተወቻት። አሁን ከመቶ ሰማንያው ወደ ላይም ወደ ታችም ሃያ አለቻት። ሁለት መቶ ሲሞላ ይያዝ፣ ከመቶ ስድሳ ሲወርድ ይልቀቅ። አስነሳችው። መብራቱ እየጎበጠ፣ ቀና እያለ፣ ስዊቹ ግን አንዴ ያዘና ጸና። መስመሩ እስከ መጨረሻው ሄደ። ሣራ ኮምፒውተሩን አልጋው ላይ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። አባቷን መልሳ ያጣችው ያኔ ነው።

እሙሽ ጓሮ ተቀምጣ የእድሩን ብርጭቆ ታጥባለች፤ ሊመለስ ነው። ሣራ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«እማ፣ አንቺ ተኛሽ አልተኛሽ ምንም ለውጥ አልነበረውም። ሳጥኑ ነው። መብራቱ ሲመጣ መያዝና መልቀቅ ጀመረ፤ ውስጡ ተቃጠለ፤ ከዚያ ማሽኑ መብራትም ባትሪም አላገኘም። እኔ ነኝ እማ። አንቺ ላይ የሚደርስ ጥፋት የለም።»

እሙሽ የያዘችውን ብርጭቆ አለቅልቃ ደፋችው።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«ሲንጣጣ ሰምቼዋለሁ። እንደሚፈነዳ በቆሎ ነበር የሚለው።»

«ተኝተሽ አልነበር?»

«ማን ነው የተኛው?»

እሙሽ ሌላ ብርጭቆ አንስታ ማጠብ ቀጠለች፤ ዓይኗን ከውኃው አላነሳችም።

«ልጆቹ ‹መጣ!› ሲሉ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ሳጥኑ ተንጣጣ። የጎማ ሽታ ሸተተኝ። ዝም አለ፤ ማሽኑም ዝም አለ። እጄ ወደ ግድግዳው ሄደ፤ የለመደ እጅ ነው። የለም። እንደሌለ እያወቅሁ ዳበስኩት። ሳጥኑን መታሁት፤ ሽቦውን ጎተትኩ፤ ጥብቅ ነው። ስፒና የለው ሌላ ቦታ አልሰካው። በር ላይ ወጥቼ ጮኽኩ፤ ሰው ልጠራ ልሂድ ብል እንዴት ልተወው? ጃርሶ እስኪደርሱ አባትሽ እጄን ነበር የሚያየው። ግድግዳውን ስዳብስ ያየኝ ነበር።»

«ለምን ተኝቼ ነበር አልሽ?»

«ጃርሶ ገብተው ‹ምን ሆነ?› ሲሉኝ ከአፌ የወጣው እሱ ነው። ከወጣም በኋላ ደግ አደረግሁ አልኩ። በዚህ ከተማ ‹አባቷን የገደለች› ከምትባዪ እኔ ‹ያንቀላፋች› ብባል ይሻላል። እኔ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። አንቺ ገና በየጤና ጣቢያው የሰው ነፍስ ያለበት መሣሪያ ትነኪያለሽ፤ ስምሽ ያስፈልግሻል።»

«ሳጥኑስ?»

«ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ያን ዕለት ማታውኑ ጣልኩት።»

ሣራ እናቷን አንገቷን አቀፈቻት። እሙሽ የሳሙና እጇን ራቅ አድርጋ፣ ልብሷን እንዳታረጥብባት ተጠንቅቃ፣ እንድታቅፋት ዝም አለቻት።

እትዬ ዓለሚቱ ሊሄዱ የተነሱት በማግስቱ ጠዋት ነው። ባጃጁ በር ላይ ቆሟል፤ ኦቦ ጃርሶ ሻንጣውን ይዘውላቸዋል። ሴትየዋ የሣራን ጉንጭ ስመው፣ እሙሽን እንደሌለች አልፈዋት ሊወጡ ሲሉ ሣራ በሩ ላይ ቆመች። ሌሊቱን አስባበታለች።

«አክስቴ፣ እናቴ አልተኛችም። አባዬን የገደለው እኔ የሠራሁት ሳጥን ነው። መብራት ሲመጣ ተቃጠለ። ማዞሪያውንም የነቀልኩት እኔ ነኝ። እሷ ስሜን ልትጠብቅ ነው ተኛሁ ያለችው። ሊታይ ይችላል፤ ኮምፒውተሬ ላይ አለ፣ ላሳይዎት እችላለሁ።»

ኦቦ ጃርሶ ሻንጣውን መሬት አስቀመጡ። እትዬ ዓለሚቱ ከሣራ ወደ እሙሽ ዞሩ፤ ከመጡ ጀምሮ ፊቷን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር።

«እውነት ነው?»

እሙሽ ነጠላዋን አገጯ ሥር ሰብሰብ አደረገች። ድምፅዋ ለለቀስተኛው ሁሉ ሲናገር የነበረው ያው ድምፅ ነው።

«ልጅ ናት እትዬ፤ ሀዘን ነው እንዲህ የሚያናግራት። ሳጥኑ ምንም አልሆነ። እንቅልፍ ጥሎኝ ነው።»

«እማ!»

«እንቅልፍ ጥሎኝ ነው» አለች እሙሽ።

እትዬ ዓለሚቱ ሣራን በሁለት እጃቸው ፊቷን ይዘው ግንባሯን ሳሟት። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። «ጎሽ የወንድሜ ልጅ» አሏት። «እናት እንዲህ ነው የምትሸፈን። ለሷ ባይገባትም አንቺ የወለደሽን አባት ወጥተሻል።» ባጃጁ ላይ ወጡና ሄዱ። ኦቦ ጃርሶ ቆመው እናትና ልጁን ተራ በተራ አዩ። ከዘራቸውን አንስተው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ሣራ ልትጮኽ፣ ልትከተል፣ መናኸሪያው ድረስ ሮጣ ልታስረዳ ፈለገች። ግን ምን ይዛ? ሳጥኑ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ስክሪን ላይ ያለ ጥቁር እድፍ ለማን ምን ይነግራል? ጥፋቷን የሚቀበላት ሰው አጣች። እናቷ ወስዳባታለች፤ አትመልስላትምም።

እሙሽ ወደ ቤት ገብታ የከተማን ክፍል መጥረግ ጀመረች። ሣራ ደፉ ላይ ቆማ ታያት ነበር። መብራት ከማለዳ ጀምሮ አልነበረም። ድንገት ከውጭ፣ ከሰፈሩ ጫፍ እስከ ጫፍ፣ ልጆቹ ጮኹ።

«መጣ!»

የእሙሽ ቀኝ እጅ መጥረጊያውን ለቀቀና ግድግዳው ላይ ወጣ። አራቱ የብሎን ቀዳዳዎች መካከል፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ ይዞ የሚያዞረውን ፈለገ። አጣ። አምፖሉ ቀይ ሆኖ ተርገበገበ፤ ጎበጠ፤ ቀና አለ። እጁ አልወረደም። ሣራ ሄዳ እጇን በእናቷ እጅ ላይ ደርባ፣ መብራቱ እስኪጸና ድረስ አብራት ግድግዳውን ይዛ ቆመች።